የእናታችን አዝካራ ደረሰ፣ እኛ ልጆቿ ግን አልተስማማንም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከእስራኤል፣ ከሬሆቮት ነው። እናታችን ካረፈች ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቶታል። ያረፈችው ሥግድ የተባለው የቤተ እስራኤል በዓላችን ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ለአዝካራዋ፣ ለሙት ዓመት መታሰቢያዋ፣ ምን እናድርግ በሚለው ላይ ሰባታችንም ተጣልተን በቤተሰቡ የዋትሳፕ ግሩፕ መነጋገር አቁመናል።

እማዬ የወገራ ሰው ናት። እ.ኤ.አ. በ1984 ከአባቴ ጋር አምስት ልጆች ይዛ በእግር ወደ ሱዳን ወጣች። ኡም ራኩባ ካምፕ ላይ ትንሿ እህታችን ሞተች። ኢየሩሳሌም የገባችው አራት ልጆች ይዛ ነው። ሦስቱ እዚህ ተወለዱ። አባታችን ቶሎ ስላረፈ ሁላችንንም ያሳደገችን ትምህርት ቤት እያጸዳች ነው።

ከሥራ ስትመለስ ደግሞ አታርፍም ነበር። አራስ ካለች አጥሚት ይዛ ትሄዳለች። ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒክ) ብቻዋን መግባት የምትፈራ ሴት ካለች አብራ ትገባለች። ለቅሶ ከተባለ አፉላም ይሁን ቤር ሼቫ አውቶቡስ ይዛ ትደርሳለች። የእቁባቸው ዳኛ እሷ ነበረች። ለሰንበት የምትጋግረው ዳቦ ግማሹ ሰው ለሌላቸው ሽማግሌዎች ነበር። በሽብዓው፣ በሰባቱ የሐዘን ቀን፣ የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው የማናውቀውን ነገሩን። አንዲት ሴት፣ እናታችሁ ባይኖሩ ልጆቼን ይዤ የት እገባ ነበር ብላ አለቀሰች። ልጅ ሆኜ ሳሎናችን ውስጥ የምትተኛ አክስት እንደነበረችን አስታውሳለሁ። አክስቴ እንዳልነበረች ያን ቀን ገባኝ።

አሁን መካከለኞቹ ወንድሞቼ ትልቅ አዳራሽ ተከራይተን፣ በሬ አርደን ማኅበረሰቡን ሁሉ እንጥራ ይላሉ። ትንሹ ወንድሜና እህቴ ያ ገንዘብ ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሁን ይላሉ። ታላቅ ወንድማችን ግን ካዲሽ (ሐዘንተኛ የሚለውን ጸሎት) እላለሁ፣ ሌላ ነገር አትጠይቁኝ አለ። ሲጨነቅም አንድ ቀን፣ «እኔን በ13 ዓመቴ ለአዳሪ ትምህርት ቤት ሰጥታ የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖረች» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዝም አለ።

የመቃብሯ ድንጋይ ላይ ያለው ስም ስንገባ የተሰጣት የዕብራይስጥ ስም ነው። ማንም በዚያ ስም ጠርቷት አያውቅም። ልጆቼ አማርኛ አይሰሙም። ታናሽ እህቷ አፉላ ትኖራለች፣ እሷም እየደከመች ነው። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ አሁን ለእኔ ይደውላሉ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ደብዳቤ አንብቢልን፣ ሐኪም ጋ ውሰጂን ይሉኛል። ሥራ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። እንደ እማዬ መሆን አልቻልኩም፤ አፍራለሁ። እንዴት ነው እንዲህ ያለች እናት የምትታሰበው?

መልስ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን።

ሦስታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ላስታርቃችሁ አልፈልግም። የእኔ ሐሳብ ወደ አንዱ ያደላል፣ ወደ ማን እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ። በመጀመሪያ ግን ስለ ታላቅ ወንድምሽ እናውራ። እሱ ካልተመለሰ አዳራሹም ስኮላርሺፑም የስድስት ልጆች ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ አብዛኞቹ ታዳጊዎች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የገቡት። የእናንተ ቤት ብቻ አይደለም። ወላጆች መርካዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) ውስጥ ተቀምጠው፣ ቋንቋው ሳይገባቸው፣ ልጃችሁ ይማራል፣ ሰው ይሆናል ተባሉ። አመኑ። እንቢ የሚል ሰው እንዴት ብሎ እንቢ እንደሚል እንኳ አያውቅም ነበር። በሱዳን ልጅ ቀብረው የመጡ እናት፣ ገና ዓመት ሳይሞላ ሌላ ልጃቸው በአውቶቡስ ሲሄድ አይተዋል። ወንድምሽ ያን ቀን በ13 ዓመት ልጅ ዓይን ነው ያየው። በእናቱ ዓይን እንዲያየው ዕድል ያገኘ አይመስለኝም።

እሱን «እንዲህ አይባልም» እንዳትሉት። በሽብዓው ሰባቱን ቀን ሰው ሁሉ እናቱን ሲያመሰግን ተቀምጦ ሰምቷል። ያቺ ሳሎን የተኛችው ሴት፣ ልጆቿ፣ አራሶቹ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እናቱን አግኝተዋል። እሱ ያገኛት በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ለሰንበት ሲመጣ ነው። ይህ ሐዘን ነው፣ ክፋት አይደለም። እናንተ እናታችሁን እንከን የሌለባቸው አድርጋችሁ ካቀረባችኋቸው፣ እሱ በዚያ አዝካራ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ አይኖረውም።

ኦሪታችንን ተመልከቺ። ሣራ ሳቀች፣ ከዚያም ፈርታ አልሳቅሁም አለች ተብሎ ተጽፏል። ርብቃ ያዕቆብን አብልጣ ትወድ ነበር ተብሎ ተጽፏል። ራሔል በእህቷ ቀናች ይላል። እናቶቻችን ከነድካማቸው ነው የቀረቡልን፣ ክብራቸውም አልቀነሰ። የእናንተም እናት እንዲህ ቢታሰቡ ምንም አይጎድልባቸውም።

ስለዚህ ወደ ወንድምሽ አንቺ ሂጂ። በስልክ አይደለም፣ በዋትሳፕማ ፈጽሞ አይሆንም። ቤቱ ሂጂ። ቀኑም የተመቸ ነው፣ አስተሥርዮ፣ እዚህ ዮም ኪፑር የሚሉት የስርየት ቀን፣ እየደረሰ ነው። ከዮም ኪፑር በፊት ሰው ለሰው ይቅርታ ይጠያየቃል፣ መምጣትሽ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ስለ አዝካራው አታንሺበት። ስለ አዳሪው ጠይቂው። የት ነበር የምትተኛው? ሰንበት ላይ ወደ ቤት ስትመጣ ማን ይቀበልህ ነበር? ምን ትበላ ነበር? ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። የሚነግርሽ ነገር እናትሽን የሚወቅስ ቢሆንም ስሚው።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪለት። የእናታችሁ የእቁብ ጓደኞች በሕይወት አሉ። እሱ ወደ አዳሪ የተመለሰበት ቅዳሜ ማታ እናትሽ ምን ይሆኑ እንደነበር እነሱ ያውቃሉ። የሚነግሩሽን ከራሳቸው አፍ እንዲሰማ አድርጊ። አንቺ ብትነግሪው ማጽናኛ ይመስለዋል። እነሱ ሲነግሩት ምስክርነት ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ሥራ ልምጣ። ልጆችሽ አያታችን በጎ ፈቃደኛ ነበረች ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም። ነገሩ ከዚያ ይጠልቃል፣ ሥሩም ወገራ ነው። በአገር ቤት የወለደች ሴት፣ ልጁ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆይ ነበር፣ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደታዘዘው። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ የምትቆይበት የመርገም ጎጆ ነበር፣ የአራስ ጎጆ ነበር። ምግብ የሚያመጡላት ሌሎች ሴቶች ናቸው። የቤቱን ሥራ ይሠሩላታል፣ ሌሎቹን ልጆቿን ይይዙላታል። ስለ ጎጆው ዛሬ ብዙ ይባላል፣ ከብዷቸው የኖሩም አሉ፣ ያን ክርክር እዚህ አላነሳውም። ግን አራስ ብቻዋን አትሆንም ነበር።

እዚህ ሲመጡ ጎጆው ቀረ። አራሷ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በር ተዘግቶባት፣ ባሏ ሥራ ውሎ፣ ማንም ሳያያት ትውላለች። እናትሽ አጥሚት ይዘው ደረጃ የሚወጡት ለዚህ ነው። ጎጆው ቀርቶ ሥራው እንዳይቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ግንቦት ላይ፣ ቤተ እስራኤልን በአውሮፕላን ያመጣው ዘመቻ ሰለሞን ሲካሄድ፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነው የገባው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስንት እርጉዝ፣ ስንት አራስ ነበረች! ስድስት ዓመት ቀድመው የመጡት እንደ እናትሽ ያሉ ሴቶች ናቸው ኩፓት ሆሊም በየት በኩል እንደሆነ ያሳዩአቸው። ዕብራይስጣቸው ሃምሳ ቃል ቢሆን እንኳ፣ ሃምሳዋን ቃል ይዘው ነው የገቡት።

የሰንበት ዳቦውም እንዲሁ ነው። በአገር ቤት ሴቶች ዳቦውን ወደ መስጊዱ፣ የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ማለት ነው፣ ይዘው ይሄዳሉ፣ ቄሱ ይባርኩታል፣ ለተሰበሰበው ይቆረሳል። እናትሽ እዚህ መጥተው ያንኑ ዳቦ ለብቸኛ ሽማግሌዎች አደረሱ። ይህን ለልጆችሽ በዕብራይስጥ ንገሪያቸው። በደንብ ይገባቸዋል።

በሽብዓው ስለመጣችው ሴት ግን ተጠንቀቂ። እናትሽ ያቺን ሴት ከነልጆቿ ሲያስጠጉ፣ ለእናንተ ለልጆቻቸው እንኳ አክስታችሁ ናት ነው ያሏችሁ። ምስጢሯን ጠብቀዋል። ሰው ቤት ውስጥ የሚገቡ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ ሐኪም ጋ አብረው የሚቀመጡ ሰው አፋቸው ካልተዘጋ ማንም በሩን አይከፍትላቸውም። ስለዚህ እሷን መድረክ ላይ እንዳታወጧት፣ ታሪኳንም በቪዲዮ እንዳትለጥፉ። ለብቻዋ ሂጂና፣ ከፈለግሽ ብቻ ንገሪኝ፣ ስምሽን አላነሳም በያት። አልፈልግም ካለችሽ በቃ፣ ቡና ጠጥተሽ ተመለሺ።

ሌሎቹን ግን አሁኑኑ ጠይቂ፣ አትቆዪ። ስልክሽ መቅረጫ አለው። «እናታችን ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለሽ አትጠይቂ። ሁሉም «ደግ ነበሩ» ይልሻል፣ ያ ደግሞ የማንም እናት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የት አገኘሻቸው? ያን ቀን ምን ይዘው መጡ? ምን አሉሽ? ተቆጥተውሽ ያውቃሉ? እቁብ ያልከፈለ ሰው ሲመጣ ምን ያደርጉ ነበር? እንዲህ ብለሽ ስትጠይቂ ሰውዬዋ ራሷ ትመጣለች። ቀረጻውን ልጆችሽ ይያዙት። ቋንቋውን ባይሰሙም ስልኩን ይዘው ይቀመጡ፣ የአያታቸውን ጓደኞች ፊት ይዩ። አንቺ ማታ ትተረጉሚላቸዋለሽ። አማርኛ የማይሰማ ልጅ አያቱን አያውቅም የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ያላወቀው ማንም ስላልነገረው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አፉላ ሂጂ። ይህን የምለው በጥብቅ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል እስከ ሰባት ቤት አንጋባም። እነ እገሌ ከእነ እገሌ ይገናኛሉ፣ አይገናኙም የሚለውን የሚያውቁት ዘር የሚቆጥሩት ትልልቆች ናቸው። እናትሽ ያንን ይዘው ሄደዋል። አሁን ያለችው አክስትሽ ናት። ደክማለች ብለሽኛል። ከበዓሉ በፊት አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስደሽ ሂጂ። ትልቅ ወረቀት ዘርጊ። የእናትሽን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት በስም አስጽፊ። የእያንዳንዱን ወንድምና እህት፣ የት መንደር እንደነበሩ፣ ከማን ቤት እንዳገቡ፣ ማን በመንገድ እንደቀረ፣ ማን ጎንደር እንደቀረ ጻፊ። የአባትሽንም ወገን የምታውቀውን ያህል ጠይቂያት። ቀኑን ሙሉ አታድክሚያት። ሲደክማት አርፊ፣ እንደገና ሂጂ። ልጆችሽ ለጋብቻ ሲደርሱ ይህ ወረቀት ለአዳራሹ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

አክስትሽን ስታናግሪ ኡም ራኩባ ላይ የቀረችውን ትንሿን እህትሽንም አንሺ። በደብዳቤሽ ላይ ስለ እሷ የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲሁ ነው። በሱዳን መንገድና ካምፕ ውስጥ 4 ሺህ ያህል ወገን አልቋል። በየዓመቱ በዕብራይስጡ ወር በኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በሄርጽል ተራራ ላይ ባለው መታሰቢያቸው ይታሰባሉ። እናትሽ ወደዚያ ይሄዱ እንደነበር አላውቅም። ግን ሴቶች ባለቀሱ ቁጥር የሚሮጡ እናት ስለዚያች ልጅ ሲያስቡ እንደኖሩ እገምታለሁ። በአዝካራው ላይ ስሟ ይጠራ። እናትሽ የሰባት ልጆች እናት ብቻ አይደሉም፣ የስምንት ናቸው። ቄሱ ሲጸልዩ የእናትየዋንም የልጅቷንም ስም አስይዟቸው። እንደገናም በኢያር 28 አንዳችሁ ልጆች ይዛችሁ ወደ ኢየሩሳሌም ውጡ።

ስለ ድንጋዩ አጭር ነው መልሴ። ስማቸው ይጨመር። ድንጋዩን መቀየር አያስፈልግም፣ ባለው ላይ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ይጻፍ፣ የአባታቸውም ስም ከሥሩ። የመቃብሩን አስተዳደር ፈቃድ ጠይቁ፣ ድንጋይ ቀራጩም ያውቀዋል። አማርኛ ፊደል ቢሆን ደስ ይለኛል። አዝካራው የሚውልበትንም ቀን በዕብራይስጡ አቆጣጠር አረጋግጡ። ቀኑ የሚለወጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ፣ ያረፉት ማታ ላይ ከነበረ የሚቆጠረው የሚቀጥለው ቀን ነው። በዚህ የሚሳሳት ቤተሰብ ብዙ ነው።

አሁን በሬውና አዳራሹ። እኔ ድግሱን አልቃወምም። አባቶቻችን ተስካር ይሉት የነበረው ይኸው ነው፣ ቄሱ ይጸልያሉ፣ የመጣው ሰው በልቶ ይሄዳል። ከናታንያና ከአሽዶድ ተነስቶ የመጣ ሽማግሌ ሻይ ጠጥቶ አይሸኝም። ነገር ግን አምስት መቶ ሰው የሚገባበት አዳራሽ ውስጥ እናትሽን የሚያስታውስ ሰው ድምፁ አይሰማም። ማይክ ይጮሃል፣ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ይሰቀላል፣ ሰው በልቶ ይበተናል፣ እናንተ ዕዳ ውስጥ ትገባላችሁ። እናትሽ በትምህርት ቤት ጽዳት ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ተብሎ ልጅ ዕዳ ሲገባ ደስ አይላቸውም ነበር።

ስለዚህ በሬው ይቅርና በግ ይሁን፣ አዳራሹ ቀርቶ በሰፈራችሁ ምኩራብ ግቢ ወይም በማኅበረሰቡ ማዕከል ይሁን። ምግቡን ከምግብ ቤት አታስመጡ። የእናትሽ ጓደኞች ይሥሩት። እናስቸግራቸዋለን እንዳትዪ። እነሱም ጓደኛ ቀብረዋል። ወጥ ሲሠሩ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ስለ እሷ ሲያወሩ ነው ሐዘናቸው የሚወጣው። አንቺና እህትሽ አብራችሁ ቁሙ፣ ወንዶቹም ወንበር ከመደርደር አልፈው ሽንኩርቱን ይላጡ።

ጸሎቱ በግዕዝ ስለሚሆን ወጣቶቹ አይሰሙትም። ቄሱ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሰው ምን እንደሚባል በዕብራይስጥ በአጭሩ ያስረዳቸው። ከዚያ ታላቅ ወንድምሽ ካዲሹን ይበል። እሱ የጠየቀው ካዲሽ ብቻ ነው፣ ስጡት። ንግግር አድርግ አትበሉት። በካዲሽ ውስጥ ስለ ሞት አንድ ቃል የለም፣ የፈጣሪ ምስጋና ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው እናቱን ለማመስገን አፉ እንቢ ሲለው ያንን ማለት ይችላል።

ከትንሹ ወንድምሽና ከእህትሽ ጋር ነው የማደላው፣ ግን እነሱ እንዳሰቡት አይደለም። ስኮላርሺፕ ሲባል ማኅበር ይቋቋማል፣ ጠበቃ ይቀጠራል፣ ፎርም ይሞላል፣ በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ይሰለቻል። እናትሽ በዚያ መንገድ ሠርተው አያውቁም። እናትሽ የሚያውቁት እቁብ ነው። እቁብ ግቡ። ሰባታችሁም በየወሩ አቅማችሁን ያህል ጣሉ። ዕጣው ግን ለእናንተ አይወጣም። አንዱ ወር መጻሕፍት መግዛት ላቃተው ተማሪ፣ አንዱ ወር ለአራስ፣ አንዱ ወር ልጁ ሠራዊት ገብቶ ቤቱ ለጠበበበት ቤተሰብ። ለማን እንደሚሰጥ በየወሩ አንዳችሁ ዳኛ ሆናችሁ ትወስናላችሁ፣ ሌላው አይጠይቅም። የተቀበለውም ሰው ስም ከእናንተ አይወጣም። ታላቅ ወንድምሽ የመጀመሪያው ዳኛ ቢሆን እመርጣለሁ። በ13 ዓመቱ ከቤት የወጣ ሰው፣ ከአዳሪ ለሰንበት የሚመጣ ልጅ ምን እንደሚጎድለው ከሁላችሁም በላይ ያውቃል።

በዚህ አገር የቤተሰብ ቀን የሚውለው በዕብራይስጡ ወር በሸቫት 30 ነው። ልጆችሽ ከትምህርት ቤት ያውቁታል። ያ ቀን ሄንሪየታ ሶልድ ያረፈችበት ነው፣ በ1945። ከባልቲሞር የመጣች ሴት ናት። በ1912 ሐዳሳ የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሠረተች፣ በኋላም ከናዚ ጀርመን የሚወጡ ልጆችን የማስመጣቱን ሥራ መራች። ራሷ አልወለደችም። ግን አገሩ የእናት ቀን ብሎ የያዘው የእሷን ቀን ነው፣ ኋላ ነው የቤተሰብ ቀን የተባለው። ይህን የማነሳልሽ በዚያ ቀን ከልጆችሽ ጋር ስለ እናትሽ እንድታወሪ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ሲላቸው ስለ አያታቸው የሚጽፉት ይኑራቸው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 35 ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ ሞተች፣ ከቤቴል በታች ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀበረች ይላል። የርብቃ የራሷ አሟሟት አልተተረከም። ልጅ የያዘችው፣ ያገለገለችው ሴት ግን የተቀበረችበት ዛፍ ሳይቀር ተጽፏል። ታላቅ ወንድምሽ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል። ከፈለገ በአዝካራው ላይ እሱ ያንብበው።

ስለ ራስሽ የጻፍሽው ነው ያሳዘነኝ። ማፈር የለብሽም። እናትሽ ያን ሥራ ብቻቸውን አልሠሩትም። የእቁብ ሴቶች ነበሩ፣ ጎረቤት ነበረ፣ አንቺም ነበርሽ። እሳቸው አራስ ጋ ሲሄዱ ታናናሾችሽን ማን ነበር የሚያበላው? አንቺ ነሻ! ስለዚህ እንደ እናትሽ አልሆንኩም አትበዪ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሥራው ግማሽ አንቺ ላይ ነበር። አሁን ሴቶቹ ሲደውሉልሽ ሁሉንም እሺ አትበዪ። አንድ ነገር ያዢ። ደብዳቤ ማንበቡ የሚቀልሽ ከሆነ ማክሰኞ ማታ ቤቴ ኑ በያቸው፣ ደብዳቤአችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ቡና እናፈላለን። ሐኪም ጋ መሄዱን ለእህትሽ ስጪ፣ የሰንበቱን ዳቦ ለወንድሞችሽ ሚስቶች፣ ለቅሶ መድረሱን ለወንድሞችሽ። ልጆችሽም ለአንድ ሽማግሌ ዳቦ ያድርሱ፣ አማርኛው በዚያ ይመጣል። የቀረውን «አልችልም እናቴ» በያቸው። ይረዱሻል። የእነሱም ልጆች ሥራ ላይ ናቸው።

በዋትሳፑ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፊ፣ እንዲህ ብለሽ፦ «ከዮም ኪፑር በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ማታ እኔ ጋ ኑ። ስለ ገንዘብ አናወራም። ታላቃችን ይጀምራል።» መጀመሪያ ግን ቤቱ ሄደሽ ፈቃዱን አግኚ። ለቄሱ ዛሬውኑ ደውዪላቸው። አዝካራው ከሥግድ በፊት ባለው ሳምንት ላይ ስለሚውል ብዙ ሰው ይፈልጋቸዋል፣ ከዘገየሽ አታገኛቸውም።